የበሰበሰው የቤተ ክርስቲያን ቋሚ በምን ይተካል?

ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባትና ደባርቅ ባለው ደጋ በሚገኙ ጥንታውያን ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ጣራውን የተሸከሙት ቋሚዎች፣ የበሩ መቃንና ጉበን እንዲሁም ወጋግራው የእንጨት ሥራ ናቸው። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ከተለወጠ በኋላም እንጨቱ በብዙ ቦታ የቀደመው ነው። የአንድ ቋሚ እግር በምስጥ ተበልቶ ወይም በእርጥበት በስብሶ ሲገኝ፣ አንዳንድ ሰበካ ጉባኤያት ሙሉውን ነቅለው በባሕር ዛፍ ይተካሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሕንፃውን አፍርሰው በብሎኬት ለመሥራት ይነሣሉ። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም የተበላሸውን ክፍል ብቻ ቆርጦ በዓይነቱ መቀጠል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ውኃው ከየት እንደመጣ ይፈለግ። ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ ወይም የቋሚው እግር በአፈር ተቀብሮ ከሆነ አዲሱም እንጨት እንደ አሮጌው ይበሰብሳል።

ቀጥሎ የሚነሣው የእንጨቱ ዓይነት ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ የቀደሙት አናጺዎች አላወቁትም፤ እነርሱ በጥድ፣ በወይራና በዋንዛ ሠርተዋል። የጥድ ውስጠኛው ቀይ ክፍል በተፈጥሮ ዘይቱ ምስጥንና ብስባሴን ይቋቋማል፤ ዳሩ ያለው ነጭ ክፍል ግን አይቋቋምምና ተጠርቦ መውጣት አለበት። ዝግባ ለመላጊያ የሚመች ውብ እንጨት ቢሆንም ምስጥ በቀላሉ ስለሚበላው ለቋሚ እግር አንመክረውም።

ከዓይነቱ ያላነሰ የሚያሳስበው ድርቀቱ ነው። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በውፍረቱ ግን ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት ለዘመናት ከደረቀው ጋር ቢጋጠም ጥቂት ቆይቶ መጋጠሚያው ይከፈታል። በጥላ ሥር ነፋስ እያገኘ የሚደርቅ ሳንቃ በየሁለት ሣንቲ ተኩል ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ወፍራም ቋሚ ዓመታትን ይጠይቃል። ስለዚህ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገኘ ጥድ ወይም ወይራ ከገበያ እንጨት ይበልጣል። ለግማሽ ሜትር ቅጥያ ሲባል በቅጽሩ ያለውን የቆየ ጥድ መቁረጥም፣ በእኛ ግምት፣ አንዱን ቅርስ ለማዳን ሌላውን ማጥፋት ነው።

ሥራው ሲጀመር የጣራው ክብደት በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዝ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ቋሚ በላይ አይነካ። አናጺው በስል ጩቤ እየወጋ ጤነኛው እንጨት ከየት እንደሚጀምር ይለያል። ከዚያ አሮጌውንም አዲሱንም እኩሌታ በእኩሌታ ጠርቦ አንዱን በሌላው ላይ ያስተኛል፤ የመደራረቡ ርዝመት ቢያንስ የቋሚውን ውፍረት ሁለት እጥፍ ይሁን። ማሠሪያው ሚስማር ሳይሆን በደንብ የደረቀ የወይራ ችንካር ቢሆን ይመረጣል፤ ሚስማር ሲዝግ እንጨቱን ይሰነጥቃል። እግሩም ከመሬት ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረፍ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ሥዕል ባለበት ግድግዳ አጠገብ ፈጽሞ አይሞከር።

አዲሱን ክፍል አጥቁሮ አሮጌ ማስመሰል አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የሐውልቶችና የሥፍራዎች ምክር ቤት፣ ኢኮሞስ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በሜክሲኮ ያጸደቀው መመሪያ የሚተካው እንጨት ከቀደመው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆንና በማይታይ ቦታ ምልክት እንዲደረግበት ይመክራል። ዓመተ ምሕረቱን በመሮ መቅረጽ ይበቃል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ያየ ሰው፣ አንድ ሳንቃ በሙሉ ሲለወጥ ምን እንደሚጠፋ አይስተውም። በደብረ ዳሞም እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ እገዛ ከእንጨትና ከድንጋይ የተሠራ አንድ ግድግዳ እንደገና ሲገነባ ጥንታዊው ሕንፃ አልፈረሰም።

ሁለት ፈቃዶች አስቀድመው ይጠየቁ። የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ አንዱ ነው። ሁለተኛው በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን የሚገኘው ነው። ጥገናው ወደ መቅደስ የሚዘልቅ ከሆነ ወደዚያ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸውና ክህነት ያለው አናጺ ቀደም ብሎ ይፈለግ፤ ካልተገኘም ልኬቱን ካህናት ወስደው ክፍሉ በውጭ ይሠራ።

ተቆርጦ የወጣው አሮጌ እንጨት ለማገዶ አይሰጥ። ከየትኛው ቋሚ እንደወጣ ተጽፎበት በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ የቀደመው አናጺ የመጥረቢያ ምልክት ያለው በእርሱ ላይ ነው።