ማጥበቅና ማላላት

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ሞተር የሚጠግን ሰው ደጋግሞ የሚሰማት ትእዛዝ አለች፤ «የኋላውን አሞርዛተር እስከ መጨረሻው ያጥብቁልኝ»። ባለ ሞተሩን አልፈርድበትም። የቦክሰር ወንበር የተሠራው ለሁለት ሰው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሾፌሩ አንዲት እናት ከነአዘሉት ሕፃን አፈናጦ፣ ከኋላ ደግሞ የድንች ኬሻ አስሮ ነው የሚወጣው። ኮረኮንቹ ላይ አሞርዛተሩ ቋ ባለ ቁጥር ወገቡን የሚመታው እሱን ነው። እኔ ከእሱ የምለየው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ጠዋት ተጭኖ ሲሄድ የጠበቀው ቀለበት ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሲመለስም እንደጠበቀ ነው። የሚያላላው የለም።

አሞርዛተሩን ከታች የሚያቅፈው ባለ ደረጃ ቀለበት ሞላውን አያጠነክረውም። ያጠነክረዋል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ መካኒኩም ሳይቀር። ሞላው ያው ሞላ ነው። ቀለበቱ የሚሠራው ሞላውን ቀድሞ መጭመቅ ነው፤ በዚህም ሰው ሲቀመጥበት ሞተሩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ይወስናል። ዝቅ ማለቱ ደግሞ የግድ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ የሚያገኘው ከዚያ ነው። እስከ መጨረሻው ጠብቆ ባዶውን የሚሄድ ሞተር ይህ ቦታ የለውም። ጎማው ጉድጓዱን መከተል ትቶ ይዘለዋል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዙት ምን ዋጋ አለው?

ቁልቁለት ሲጨመርበት ይብሳል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ደጋ ተነስቶ ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ ሰው ክብደቱን ሁሉ በፊት ጎማ ላይ ጥሎ ነው የሚወርደው። የኋላው ያለ ልክ ከፍ ሲል የፊቱ ይደፋል፣ መሪው ቅብጥብጥ ይሆናል፣ የፊት አሞርዛተርም ፍሬን በተነካ ቁጥር እስከ ጥጉ ይገባል። መታጠፊያ ላይ ወደቅሁ የሚለኝ ሰው ጠጠሩን ሲረግም እሰማለሁ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ቀለበቱን ነው።

በቅርቡ አንድ የወገዳ ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ ያጥብቁልኝ፤ እየመታኝ ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ቀለበቱ መጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለም። ሞተሩን በቋሚው አቁሜ የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሳ፣ ከጎማው ቡሎን እስከ ወንበሩ ጠርዝ በሜትር ለካሁ። ቀጥሎ ሞተሩን ከቋሚው አውርጄ ጓደኛው እየደገፈው ልጁ እንዲቀመጥ አደረግሁና ደግሜ ለካሁ። የሁለቱ ልዩነት የአንድ ጣት ስፋት አይሞላም። አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል የሚጓዝ አሞርዛተር ሰው ሲቀመጥበት ሦስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ መውረድ አለበት፤ ሲሶውን ማለት ነው። አስፋልት ብቻ ለሚነዳ ትንሽ ቢያንስም አይከፋም፤ ለኛ መንገድ ግን ሲሶው ጥሩ ነው።

«ታዲያ ለምን ይመታኛል?» አለ። ወንበሩን በሁለት እጄ ወደ ታች ተጭኜ ለቀቅሁት። ጤነኛ አሞርዛተር አንድ ጊዜ ተመልሶ ይቆማል፤ የሱ ግን ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ዘንጉ ላይ አቧራው ከዘይት ጋር ጥቁር ሆኖ ተጋግሯል። ዘይቱ ወጥቶ አልቋል፤ ሞላው የሚገታው አጥቶ ብቻውን ይጨፍራል። ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ ንዝረት አይገድልም፤ ንዝረቱን የሚገድለው በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የሚያልፈው ዘይት ነው። እንዲህ ያለውን አሞርዛተር ማጥበቅ ሞተሩን የባሰ ያዘልለዋል። ሁለቱንም ባንድ ላይ መቀየር ነው እንጂ አንዱን ብቻ ቀይሮ ከአሮጌው ጋር ማጣመርም አይሆንም። ልጁ አልወደደውም፤ አጥብቄ ብሰደው ኖሮ አመስግኖኝ ይሄድ ነበር።

ስልካቸው ላይ የእሽቅድምድም ቪዲዮ የሚያዩ ልጆች ደግሞ ሌላ ክርክር ያመጡብኛል፤ «የውድድር ሞተር ድርቅ ያለ አይደለም እንዴ?» ይላሉ። ነው። እዚያ ሜዳው የተስተካከለ ነው፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ሞተር በድንገት ፍሬን ሲያዝ ፊቱ እንዳይደፋ ሞላው መጠንከር አለበት፣ የመጭመቂያውና የመመለሻው ዘይት ለየብቻ የሚስተካከልባቸው ብሎኖች አሉት፣ ጎኑም አንድ ባለሙያ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያ ሞተር ከጋይንት ጠጠር ጋር ምን አገናኘው? እኛን የሚመስለው የአፈር ላይ ውድድር ነው። ዝምድናውም እውነተኛ ነው፤ ሉሲየን ቲልከንስ የሚባል ቤልጂየማዊ ባለሙያ ከኋላ ሁለት አሞርዛተር በማድረግ ፋንታ አንድ ብቻ ከወንበሩ ሥር የሚቀመጥበትን አሠራር አወጣ፣ ያማሃ ገዛው፣ ስዊድናዊው ሃካን አንደርሰንም በ1973 እ.ኤ.አ. በዚያው ዓይነት ሞተር የ250 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ገጠር ለገጠር በሚነዱት የያማሃ ኤጂ 200 ላይ ከወንበሩ ሥር ያለው አንድ አሞርዛተር የዚያ ዘር ነው። የአፈር ተወዳዳሪ ረጅምና ለስለስ ያለ ጉዞ ነው የሚፈልገው፤ ድርቅናን አይደለም።

የመሥሪያ ቤት ሞተር ካነሳሁ አይቀር፣ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ቀጭኗ የጤና ባለሙያ የነዳችውን በሳምንቱ ግዙፉ የእንስሳት ሐኪም ይረከበዋል። ሲረካከቡ መስታወቱ፣ መብራቱ፣ የጎማው ይዞታ አንድ በአንድ ይጻፋል፤ አሞርዛተሩን የሚያነሳ የለም። የክትባት ሣጥን ደግሞ ከኋላው ጎማ አልፎ ስለሚታሰር ፊቱን ያቀልለዋል፤ ዳገት ላይ መሪው ተንሳፈፈ ሲሉኝ ሣጥኑን ወደ ወንበሩ አስጠግታችሁ እሰሩ ነው የምለው። ለዚያ ቁልፍ አያስፈልግም።

ቀለበቱን ለማዞር ግን ያስፈልጋል። ከፋብሪካ አብራው የምትመጣው ባለ መንጠቆ ቁልፍ ገና በመጀመሪያው ዓመት ትጠፋለች፤ ከዚያ በኋላ ቀለበቱን በመዶሻና በካቻቢቴ እየመቱ ጥርሱን ይጨርሱታል። ከጠፍጣፋ ብረት ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ለደንበኞቼ ቀለበቱ ላይ ሁለት የቀለም ምልክት አደርግላቸዋለሁ፤ ነጩ ለብቻ፣ ቀዩ ለጭነት። ጭነቱን ያራገፈ ሰው ገመዱን እስኪጠቀልል ባለው ጊዜ ወደ ነጩ ይመልሰዋል።

የፊቱ ቀለበት የለውም፤ ሁሉ ነገሩ ዘይት ነው። እዚህም የሞተር ዘይት፣ ያውም ወፍራሙን፣ የሚሞሉ አሉ። ጉና ሥር በጠዋቱ ብርድ ያ ዘይት ሊጥ ይሆናል፤ አሞርዛተሩ አንዱን ጉብታ ውጦ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፣ እንዲህ እየተጨመቀ ይሄድና እጅ ያደነዝዛል። በሽሎ ዳር ሲደርስ ደግሞ ሙቀቱ ያቀጥነዋል። ቁጥር 10 የአሞርዛተር ዘይት ከጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ቀይ ዘይት እመርጣለሁ፤ ውፍረቱ ይቀራረባል። ሞላውን አውጥቼ፣ እግሮቹን እስከ መጨረሻ ጨምቄ፣ ዘይቱ ከአፉ ምን ያህል እንደሚርቅ በሁለቱም እለካለሁ፤ በዘይቱና በክዳኑ መካከል የሚቀረው አየር ራሱ እንደ ሁለተኛ ሞላ ስለሚሠራ በግምት የሚሞላ ነገር አይደለም።

ባለቤቶቹ «ሳይፈስ ለምን ይቀየራል?» ይሉኛል። አልመልስም። የወጣውን ዘይት በጣሳ አድርጌ ፀሐይ ላይ አዘንብልላቸዋለሁ፤ ግራጫ ሆኖ፣ የብረት ብናኙ እያብለጨለጨ ሲያዩት ስለ ዋጋው መከራከር ይተዋሉ።