ዘውድ ሲጫን ማየትና አለማየት

የብሪታንያ ንጉሥ ለመንገሥ ዘውድ መጫን አያስፈልገውም። ዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ባረፉበት ቅጽበት ልጃቸው ቻርልስ ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ንጉሥ ሆነዋል። ከስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በለንደኑ ዌስትሚንስተር አቤይ ዘውድ ሲጫንላቸው በሕግ የሚጠበቅባቸውን መሐላ ፈጸሙ እንጂ አዲስ ሥልጣን አላገኙም። በዓለ ንግሡ የሚደረገው በእግዚአብሔር ፊት ለመቀባትና በሕዝብ ዓይን ለመታየት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ አየው ወይስ ፊቱን አዞረ፣ ያየውስ በምን ስሜት ነው የሚለው ጥያቄ የበዓሉ ዳር ላይ ያለ ጉዳይ ሳይሆን ከራሱ ከበዓሉ ጋር የተሳሰረ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለብዙ መቶ ዓመታት ተራው ሰው ሥርዓቱን የማየት ዕድል አልነበረውም። በአቤይ ውስጥ የሚቀመጡት መሳፍንት፣ ጳጳሳትና የውጭ መንግሥታት ተወካዮች ሲሆኑ ሕዝቡ የሚያየው በመንገድ የሚያልፈውን ሠረገላ ብቻ ነበር። ሬዲዮ ሲመጣም በሩ ወዲያው አልተከፈተም። በ1923 የዮርክ መስፍን ሠርግ በሬዲዮ እንዳይተላለፍ ተከልክሎ ነበር፤ ለክልከላው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ሰው በመጠጥ ቤት ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ የተቀደሰውን ሥርዓት ሊሰማ ይችላል የሚል ሥጋት ነው። ያው መስፍን በ1937 ጆርጅ ስድስተኛ ተብለው ሲነግሡ ግን ሥርዓቱ በሬዲዮ ተሰማ።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ለዳግማዊት ኤልሳቤጥ በዓለ ንግሥ ዝግጅት ሲጀመር ነው። በ1952 የዊንስተን ቸርችል ካቢኔ የቴሌቪዥን ካሜራ አቤይ ውስጥ እንዳይገባ ወሰነ። ለወጣቷ ንግሥት ብርሃኑና የሚሊዮኖች ዓይን ጭንቀት ይጨምርባታል ተባለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ምሥጢሩ እንዳይቃለል ሰጋች። ሕዝቡና ጋዜጦች ተቃውሞ ሲያሰሙ ውሳኔው ተቀለበሰ። ሰኔ 2 ቀን 1953 ካሜራዎቹ ገቡ፤ ንግሥቲቱ ቅዱስ ቅባት የተቀቡበት ክፍል ብቻ ከተመልካች ተሰወረ። ይህ ገደብ ዛሬም አልተነሣም። ቻርልስም የተቀቡት በሦስት ወገን በተዘረጋ መጋረጃ ተከልለው ነው። ቅባቱ በኢየሩሳሌም የተባረከ፣ ወይራውም ከደብረ ዘይት ተራራ የተለቀመ ነበር።

የ1953ቱ ቀን ዛሬ ሲነሣ አንድ ሕዝብ በአንድ ልብ እንዳየው ተደርጎ ይተረካል። የቢቢሲ የተመልካች ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በቴሌቪዥን እንደተከታተለው ገምቷል። ከነዚህ ውስጥ በገዛ ቤታቸው ያዩት 7.8 ሚሊዮን ሲሆኑ በሌላ ሰው ቤት ያዩት 10.4 ሚሊዮን ነበሩ። መሣሪያው ውድና ጥቂት ስለነበር ጎረቤት፣ ዘመድና የሥራ ባልደረባ አንድ ሳሎን ውስጥ ተጨናንቆ ነበር ያየው። እንዲህ ያለው አተያይ ማኅበራዊ ግዴታም ነበረበት። ተጋብዞ አለመሄድ ያስወቅሳል፤ መጥቶም ስለ ዘውዱ ክፉ መናገር ነውር ነው። ከተመልካቹ ስንቱ በፍቅር፣ ስንቱ በይሉኝታ፣ ስንቱስ አዲሱን መሣሪያ ለማየት ጓጉቶ እንደተቀመጠ ቁጥሩ አይነግረንም።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሺልስና እንግሊዛዊው ማይክል ያንግ የበዓሉን ትርጉም የሚመረምር ጽሑፍ አሳተሙ። በነሱ አመለካከት በዓለ ንግሡ ማኅበረሰቡ የሚጋራቸውን የተቀደሱ እሴቶች የሚያድስበት የአንድነት ቁርባን ነበር። ኖርማን ቢርንባውም የተባለ ሌላ ምሁር ከሁለት ዓመት በኋላ አጥብቆ ተቃወማቸው። ሺልስና ያንግ የራሳቸውን ስሜት የሕዝቡ ሁሉ ስሜት አድርገው እንደወሰዱትና በመደብ የተከፋፈለች አገር ለአንድ ቀን ሰልፍ ስላየች አንድ እንደማትሆን ተከራከረ። ከጊዜ ርቀት ሲታይ ሚዛኑ ወደ ቢርንባውም ያደላል። ስኮትላንድ ውስጥ ያኔ «ዳግማዊት» የሚለው ማዕረግ ራሱ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር፤ ስኮትላንድ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የምትባል ንግሥት ኖራት አታውቅምና። የንግሥቲቱ አርማ የተለጠፈበት የኤድንብራ የፖስታ ሣጥን በየካቲት 1953 በፈንጂ ወድሟል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1937 ማስ ኦብዘርቬሽን የተባለው የጥናት ቡድን በየቦታው ያሉ በጎ ፈቃደኞች በበዓለ ንግሡ ዕለት የዋሉበትን እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ከነዚያ ማስታወሻዎች የሚወጣው ምስል ዝንቅ ነው፤ እንባ የተናነቃቸው አሉ፣ የተሰላቹ አሉ፣ በዓሉን ለመጠጥ የተጠቀሙበትም አሉ።

ወደ ቻርልስ ዘመን ሲመጣ ልዩነቱ ተሸፋፍኖ የሚቀር አልሆነም። ከበዓሉ አስቀድሞ በሚያዝያ 2023 ዩጎቭ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ድርጅት ባደረገው ጥናት 64 በመቶው ሕዝብ ለበዓለ ንግሡ ብዙም ወይም ጨርሶ ደንታ እንደሌለው ተናገረ። ከ18 እስከ 24 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ይህ ቁጥር 75 በመቶ ደረሰ። ቀኑ ሲደርስ ግን በብሪታንያ ብቻ በአንድ ጊዜ እስከ 20.4 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን አየው። አንዳንድ ዘውዳዊያን ይህን ይዘው ጥናቱ ውድቅ ሆነ አሉ። አልሆነም። ደንታ የለኝም ያለ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ቤት ሲያስቀምጠው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ቁርሱን እየበላ ሊያይ ይችላል። ቁጥሩ ራሱም ቢሆን ከስምንት ወር በፊት የንግሥቲቱን ቀብር ከተከታተለው ከ26 ሚሊዮን በላይ ተመልካች በእጅጉ ያንሳል።

የዘውዱ እውነተኛ ወዳጅ ሌላ ነው። ዘ ሞል በሚባለው ጎዳና ዳር ድንኳን ተክሎ ሌሊቱን በዝናብ ያደረው፣ ባንዲራ ለብሶ የወርቁን ሠረገላ በዐይኑ ለማየት የጓጓው ሰው የሚናገረው ስለ ሕገ መንግሥት አይደለም። እናቱ ወይም አያቱ በ1953 ምን እንዳዩ፣ እሱም ለልጆቹ ምን እንደሚተርክ ያወራል። ለሱ በዓሉ የቤተሰብ ዕድሜ መለኪያ ነው። ከሱ ለጠቅ የሚለው ደግሞ ለዙፋኑ ብዙም የማይጨነቅ፣ ትርኢቱን ግን የሚወድ ተመልካች ነው። ከ1727 ጀምሮ በየንግሡ የሚዘመረውን የሃንድል መዝሙር ለመስማት፣ ለዕለቱ የተደረሱትን አሥራ ሁለት አዳዲስ የሙዚቃ ሥራዎች ለማድመጥ፣ ወይም ፖለቲከኛዋ ፔኒ ሞርዶንት ከባዱን የሥርዓቱን ሰይፍ ያን ያህል ጊዜ ቀጥ አድርገው መያዛቸውን ለማድነቅ የተቀመጠው ብዙ ነው። ብዙው ሕዝብ ከዚህ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

ተመልካች መሆንና ታማኝነትን መግለጽ የተለያዩ መሆናቸው በግልጽ የታየው ከበዓሉ ጥቂት ቀናት በፊት ነው። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ጽሕፈት ቤት አዲስ ነገር አስተዋወቀ። ቀድሞ መሳፍንት ብቻ ይፈጽሙት የነበረውን ለንጉሥ ታማኝ የመሆን ቃል በየቤቱ ቴሌቪዥን የሚያየውም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲምል ተጋበዘ። ሐሳቡ ሕዝቡን ለማሳተፍ ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። ዘውዱ እንዲቀር የሚሹት ሪፐብሊካኖች ስድብ ነው አሉት፤ ከዘውዱ ጋር ጠብ የሌላቸው ብዙዎችም በገዛ ሳሎናቸው ለቴሌቪዥን መማል አሳፋሪ ሆኖ ታያቸው። በዕለቱ ሊቀ ጳጳሱ ቃሉን አለዝበው የሚፈልግ ሰው ድጋፉን እንዲገልጽ ወይም በልቡ እንዲያስብ ብቻ ጋበዙ። ሕዝቡ ለማየት ፈቃደኛ የሆነውን ያህል ለመሳተፍ ፈቃደኛ አልነበረም።

ተቃዋሚዎቹም ቢሆኑ አላዩም ማለት አይደለም። ሪፐብሊክ የተባለው ቡድን ደጋፊዎች «ንጉሤ አይደለም» የሚል ቢጫ መፈክር ይዘው ሰልፉ በሚያልፍበት በትራፋልጋር አደባባይ ቆሙ። የመረጡት ቦታ በ1649 አንገታቸው የተቆረጠው የቀዳማዊ ቻርልስ ሐውልት አጠገብ ነው፤ ትርጉሙን ማንም አይስተውም። የቡድኑ መሪ ግራሃም ስሚዝና ጥቂት ባልደረቦቻቸው ግን ሰልፉ ሳይጀመር ማለዳ ላይ ተያዙ። ፖሊስ የተጠቀመው ከቀናት በፊት የጸደቀውን አዲሱን የሕዝብ ጸጥታ ሕግ ሲሆን መፈክሮቹ የታሠሩባቸውን ማሰሪያዎች ራስን ከቁስ ጋር ለመቆለፍ የታሰቡ ናቸው ብሎ ጠርጥሮ ነበር። ክስ ሳይመሠረት ተለቀቁ፤ ፖሊስም መጸጸቱን ገለጸ። እስሩ ለቡድኑ ሰልፉ ራሱ ሊያስገኝለት ከሚችለው የበለጠ ወሬ አስገኝቶለታል።

በሊቨርፑል ከተማ ደግሞ ተቃውሞው በእግር ኳስ ሜዳ ተሰማ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በዕለቱ ብሔራዊ መዝሙሩ እንዲዘመር ጠይቆ ስለነበር፣ ሊቨርፑል ከብሬንትፎርድ ጋር ከመጫወቱ በፊት በአንፊልድ ተዘመረ፤ ብዙ ደጋፊዎችም በጩኸት ዋጡት። የከተማዋ ቅሬታ ከንጉሡ የግል ጠባይ ጋር ግንኙነት የለውም። የ1980ዎቹ የሥራ አጥነት ዘመንና በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በሊቨርፑል ደጋፊዎች ላይ የደረሰው እልቂት በለንደን ገዢዎች ላይ ያሳደረው ቂም ነው በመዝሙሩ ላይ የሚወጣው።

ገንዘብም ብዙዎችን ያስቆጣል። በሌላ የዩጎቭ ጥናት 51 በመቶው መንግሥት ወጪውን መሸፈን እንደሌለበት ሲናገር መሸፈን አለበት ያለው 32 በመቶ ነበር። የኑሮ ውድነት በበረታበት ዓመት የተደረገው በዓል ለመንግሥት ካዝና 72 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳስወጣ በ2024 መጨረሻ ይፋ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ለጥበቃ የወጣ ነው። ቤተ መንግሥቱ በበኩሉ እንግዶቹን በ1953 ከነበሩት ከ8,000 በላይ ወደ 2,200 ያህል ዝቅ አድርጓል፤ ሰልፉም በጣም አጥሯል። ለአንዱ ወገን ይህ ቁጠባ አልበቃም፤ ለሌላው ደግሞ ድምቀቱን ቀንሷል።

ከብሪታንያ ውጭ ማየትና መገኘት ከጥንትም ፖለቲካ ነበር። በ1937 ፋሽስት ጣሊያን ለጆርጅ ስድስተኛ በዓለ ንግሥ ሳትገኝ የቀረችው በስደት የነበሩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተወካይ በመጋበዙ ነው። በ2023 ደግሞ የሺን ፌይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሚሼል ኦኒል በአቤይ መቀመጣቸው፣ ፓርቲያቸው ለአየርላንድ አንድነት የሚታገልና ዘውዱን የማይቀበል በመሆኑ፣ አንዳንድ ደጋፊዎቻቸውን ቅር ቢያሰኝም ሰላሙን ያከበሩ ብሎ ያወደሳቸው ብዙ ነበር። ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከአሥራ ሁለት የጋራ ብልጽግና አገሮች የተውጣጡ የመብት ተሟጋቾች ለቻርልስ በጻፉት ደብዳቤ ስለ ቅኝ ግዛት ይቅርታ፣ ካሣና የተወሰዱ ቅርሶች መመለስን ጠየቁ። በንጉሡ በትር ላይ ያለው ከ530 ካራት በላይ የሚመዝን አልማዝ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ንግሥት ካሚላም ህንድ የምትጠይቀው ኮሂኑር የተባለው አልማዝ ያልተካተተበትን ዘውድ ነው የደፉት። ኢትዮጵያውያን ተመልካቾችም ይህን ያለ ትዝታ ሊያዩት አይችሉም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው፣ በ1879 በእንግሊዝ አገር የሞተው የልዑል ዓለማየሁ አፅም በዊንድሰር ነው ያለው። ቤተ መንግሥቱ በዚያው በበዓሉ ወር፣ በግንቦት 2023፣ አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ሌሎች መቃብሮች ይነካሉ በሚል ምክንያት አልተቀበለም።

ስለዚህ የተመልካች ቁጥር የሕዝብ ድጋፍ መለኪያ ተደርጎ ሲቀርብ መጠርጠር ይገባል። ጠላት የሆነው ሰው ለመቃወም ብሎ ያያል፤ ግድ የሌለውም ቴሌቪዥኑ ስለተከፈተ ያያል። ለዘውዱ ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው አደባባይ የቆመው ተቃዋሚ ሳይሆን ከ25 ዓመት በታች ያለው፣ ስለ በዓሉ ጭቅጭቅ ውስጥ መግባት እንኳ የማይፈልገው ወጣት ነው። ሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ግን ዘውድ መጫን ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ቀድመው በሌላ መንገድ ፈተውታል። ስዊድን ለመጨረሻ ጊዜ ንጉሥ ዘውድ ያስጫነችው በ1873፣ ኖርዌይ ደግሞ በ1906 ነው። በጥር 2024 ፍሬደሪክ አሥረኛ በዴንማርክ ሲነግሡ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜቴ ፍሬደሪክሰን ከቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ሆነው በቃል አወጁላቸው፤ ቅባትም ዘውድም አልነበረም።