ሳሙናችንን እናብቃቃ
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ የቤተሰብ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በየሳምንቱ ከቤታችን ገንዘብ፣ ከእናቶቻችንና ከእህቶቻችን እጅ ደግሞ ቆዳ እየላጠ የሚሄድ ጉዳይ ነው። ስለ ልብስ ሳሙና እንነጋገራለን።

በቴፒና በዙሪያዋ የሚኖር ቤተሰብ ልብስ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን ዝናብ አይለይም። አባወራው ከቡና ማሳ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ ሲመለሱም እንዲሁ። በዚህ ላይ የእሸት ቡናው፣ የሙዙ ውሃ፣ የእርዱ ቢጫ ይጨመራል። አንድ ጥቅል የዱቄት ሳሙና ተገዝቶ ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል። «የዘንድሮ ሳሙና አይበረክትም» እንላለን። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሳሙናው አይደለም።

ከራሳችን እንጀምር። አንድ ጊዜ ለጁምዓ የሚለበስ ነጭ ጀለቢያ በደንብ ይንጣ ብለን ሳፋው ውስጥ ግማሽ ጥቅል አፈሰስን። አረፋው ከሳፋው አልፎ መሬት ሲወርድ ደስ አለን። ማለቅለቅ ስንጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። አራት ጊዜ ብናለቀልቀውም አረፋው አልለቅ አለ፤ የቀዳነው ውሃ አለቀ። ጀለቢያው ሲደርቅ እንደ ካርቶን ድርቅ ብሎ፣ ነጭነቱ ደብዝዞ ተገኘ። የለበሰውም ሰው አንገቱን ሲያክ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ነው «ልብስን የሚያጸዳው በእርግጥ ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ የጀመርነው።

አረፋው ምን ይሠራል?

ሳሙና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉት። የእያንዳንዱ ቅንጣት አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፍ ቅባትና እድፍ ይይዛል። እድፉን ከጨርቁ አላቆ ከውሃው ጋር ይዞት የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። እድፉ ሁሉ ከተያዘ በኋላ የሚጨመር ሳሙና ሥራ የለውም። ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ በደንብ ካልተለቀለቀም በጨርቁ ክር መሐል ይቀራል። ተጣብቆ የቀረው ሳሙና አቧራ ይስባል፣ ልብስን ያደርቃል፣ የሕፃናትን ቆዳ ያሳክካል። እንግዲህ የአረፋ ብዛት የንጽሕና መለኪያ ሊሆን አይችልም። አረፋው የሚነግረን ሳሙና መኖሩን ብቻ ነው።

ውሃውም ድርሻ አለው። አንዳንድ የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ከመሬት ያመጣው ካልሲየምና ማግኒዥየም አለበት። እንዲህ ያለው ውሃ ደረቅ ሳሙናን ሲያገኝ አረፋ ከማውጣት ይልቅ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ሳሙናውንም በከንቱ ይጨርሰዋል። የዝናብ ውሃ ግን ከእነዚህ ነገሮች ነጻ ነው። በዝናብ የታደለ አገር ላይ ተቀምጠን ይህንን ሀብት ከቆርቆሯችን ጫፍ ሲፈስ ዝም ብለን ማየት የለብንም። ጣራው በመጀመሪያው ዶፍ ይታጠብ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን በበርሜል ወይም በባልዲ አጠራቅመን ለልብስ እናውለው። በዝናብ ውሃ የሚያጥብ ሰው ያነሰ ሳሙና እንደሚበቃው በአንድ ቀን ይረዳል።

በእፍኝ ሳይሆን በማንኪያ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃም ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ ተገጥሞ የሚይዘው ነው፤ አንድ ሷዕ አራት ሙድ ነው። ለዒባዳ የሚሆን ውሃ እንኳ ልክ ከነበረው፣ ለልብስ የሚሆን ሳሙና ልክ ቢኖረው አይከብደንም።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? ጥቅሉ ላይ የተጻፈ መጠን ካለ እርሱን መከተል ነው። ከሌለ ለ10 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ለአንድ መካከለኛ ባልዲ፣ በሁለት የሾርባ ማንኪያ መጀመር ይቻላል። ዱቄቱን ልብሱ ላይ ከመነስነስ ይልቅ አስቀድሞ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ማሟሟት፣ ከዚያ ውሃውን መሙላት፣ በመጨረሻ ልብሱን መክተት ነው። ዱቄቱ ሳይሟሟ ከገባ ግማሹ ከሳፋው ሥር ተቀምጦ ይደፋል።

ቁጠባው ትንሽ ይመስል ይሆናል። እስቲ እናስላው። በሳምንት ሁለት ቀን የምታጥብ አንዲት እናት በእያንዳንዱ አጠባ ሁለት ማንኪያ ብታተርፍ፣ በሳምንት አራት፣ በዓመት ከ200 ማንኪያ በላይ ይሆናል። ይህ በግምት 2 ኪሎ ዱቄት ነው። ለአንድ ቤተሰብ የደብተር ወይም የዘይት ወጪ ይደግፋል።

ከሳሙና በፊት የሚሠራ ሥራ

ትልቁ ብክነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጭቃ የያዘ ሱሪ በቀጥታ ሳሙና ውስጥ ሲገባ ሳሙናው የሚያልቀው በአፈሩ ላይ ነው። ስለዚህ ጭቃው ይድረቅና ይራገፍ፤ ከዚያ በባዶ ውሃ አንድ ጊዜ ይለቅለቅ። ሳሙና የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ቀጥሎ መዘፍዘፍ አለ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት የተዘፈዘፈ ልብስ እድፉ ላልቶ ይጠብቃል፤ ብዙ ፍትጊያ አይፈልግም። ሌሊቱን ማሳደር ግን በእኛ ሙቀትና እርጥበት አይመከርም፤ ውሃው ይሸታል፣ ሽታውም ወደ ልብሱ ይገባል።

ሦስተኛው ተራ መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ የተበጠበጠ ሳሙና ነጩን፣ ቀጥሎ ቀለም የማይለቀውን ባለቀለም ልብስ፣ በመጨረሻ የማሳውን ልብስ ሊያጥብ ይችላል። የተረፈው ውሃ ጭቃ የያዘ ቦት ጫማና የሽንት ቤት ወለል ይታጠብበታል። ወደ ወንዝና ምንጭ ግን አይደፋ፤ የብዙ ሰው መጠጥ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናሳስባለን። የሕፃን ሽንትና ሌላ ነጃሳ የነካው ጨርቅ ከሶላት ልብስ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ አይዘፍዘፍ። ነጃሳው ለብቻው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይወገድ፤ ከዚያ በኋላ በሳሙና ይታጠብ፤ በመጨረሻም ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። በሳሙና ብዛት ጠሃራ አይገኝም። ሳሙና በልክ ሲሆን ደግሞ ለማለቅለቂያ የሚሆን ውሃ ይተርፋል።

የአካባቢያችን እድፎች

ሙዝ የቡናችን ጥላ ነው። ግንዱ ወይም ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ልብስ ላይ ሲያርፍ አይታይም፤ ሲደርቅ ግን ቡናማ ይሆናል። ከደረቀ በኋላ ሙሉ ጥቅል ሳሙና ቢፈስበት ለማስለቀቅ እጅግ ያስቸግራል። መድኃኒቱ ወዲያውኑ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያም በላይ ለማሳ አንድ የተለየ ልብስ መመደብ ነው።

እርድ ደግሞ ሰውን ያስደነግጣል። ቢጫው እድፍ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። ብዙዎች ባሰበት ብለው ሳሙና ይጨምራሉ። መቅላቱ ግን የእርዱ ቀለም ሳሙናን ሲያገኝ የሚያሳየው ጠባይ ነው። በልክ አጥባችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። የእርድን ቀለም ፀሐይ ታደክመዋለች፤ ያውም ያለ ክፍያ።

ደም የነካው ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ይጀመር። ሙቅ ውሃ ደሙን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል።

በክረምት የሚመጣውን የልብስ ሽታ በተመለከተም ስሕተት አለ። ልብሱ ሲሸት ሳሙና እንጨምራለን። ሽታው የሚመጣው ግን ቶሎ ባለመድረቁ ነው። በደንብ ይጨመቅ፤ ነፋስ በሚያገኝ በረንዳ ላይ ሳይደራረብ ተራርቆ ይሰጣ።

ደረቅ ሳሙናና እንዶድ

አዲስ የተገዛ ደረቅ ሳሙና ወዲያው ሥራ ላይ ባይውል ይሻላል። ከመጠቅለያው ወጥቶ ነፋሻ ቦታ ጥቂት ሳምንት ቢቀመጥ ይጠነክራል፤ ውሃ ውስጥም ቶሎ አይሟሽሽም። እያገለገለ ያለውንም ሳሙና ውሃ የተኛበት ሳሕን ላይ አትተዉት። የደቀቁትን ቁርጥራጮች በጣሳ ሰብስባችሁ ፈላ ያለ ውሃ ብታፈሱባቸው ሲያድሩ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናሉ። ይህ ለኮሌታና ለእጅጌ ጫፍ ተመራጭ ነው። ሳሙና ውስጥ ሎሚ መጭመቅ ግን ይቅር፤ ሎሚው የሳሙናውን ኃይል ይሰብረዋል።

ከወሎና ከሌሎች ደጋማ አካባቢዎች መጥተው በአካባቢያችን የሰፈሩ እናቶች እንዶድን ያውቁታል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፤ ጋቢና ነጠላ ያነጣል። የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ጥናታቸውም በዓለም ዘንድ ታውቆ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። እንዶድ የሚያገኝ ሰው በሳፋ ሊጠቀምበት ይችላል። ሲወቀጥ አፍንጫና ዓይን ይሸፈን፤ ልጆች አይቅመሱት፤ ቀንድ አውጣን የገደለ ዓሣንም ይገድላልና እጣቢው ወንዝ ውስጥ አይደፋ።

ሁለት ጥብቅ ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛው ስለ አጎበር ነው። ወባ ባለበት አካባቢ አጎበር እንደ ሌላው ልብስ አይታጠብም። በዱቄት ሳሙና ወይም በበረኪና ከታጠበ መድኃኒቱ ይጎዳል። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ደረቅ ሳሙና፣ ሳይዘፈዘፍና ሳይፈተግ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ፀሐይም መድኃኒቱን ታዳክማለች። ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግል የተሠራ አጎበር ቢያንስ 20 ያህል አጠባ እንዲችል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። በየሳምንቱ የሚያጥበው ሰው ይህን በአምስት ወር ይጨርሰዋል። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ሁለተኛው ስለ በረኪና ነው። ሳሙና ለመቆጠብ ብለን በረኪናን ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አንቀላቅል። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ሊገድልም ይችላል። በለስላሳ መጠጥ ወይም በውሃ ጠርሙስ ቀድተንም አናስቀምጥ፤ የተጠማ ሕፃን አይለየውም።

በመጨረሻም ለወንድሞቻችን

እስካሁን የተናገርነውን ሁሉ ለእናቶች ብቻ ሸክም አድርገን አንሄድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግራለች። ከማሳ የተመለሰ ወንድም የሱሪውን ጭቃ ራሱ ቢያራግፍ፣ አንድ ጄሪካን ውሃ ቢቀዳ፣ ከባዱን ጋቢ ጨምቆ ቢያሰጣ የሚጎድልበት ነገር የለም። በሳሙና ብዛት እጇ የተሰነጣጠቀ እናት ለሱብሒ ውዱእ ስታደርግ ውሃው ምን ያህል እንደሚያቃጥላት እርሷ ታውቃለች። ሳሙናው በልክ ሲሆን ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ያ እጅም ያርፋል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመያዝ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ነገ ሳሙናው ዕቃ ውስጥ ማንኪያ አስቀምጡ። እፍኙ ማንኪያ ሲሆን ሌላው ቀስ በቀስ ይከተላል ኢንሻአላህ። አላህ (ሱ.ወ) በሰጠን ሲሳይ በረካ ያድርግልን፤ ከአባካኞችም አያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።