ፓኬጁ አልጫን ሲል

ከሲያትል በስተደቡብ፣ በፒዩጀት ሳውንድ ዳርቻ የምትገኘው ዴ ሞይን ትንሽ ከተማ ናት። በ1961 የተመሠረተው ሃይላይን ኮሌጅ መቀመጫው እዚያ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአካባቢው፣ በሲታክ፣ በተክዊላና በኬንት ጭምር፣ ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ከልጆቻቸው መካከል የሕዝብ ጤና፣ ባዮሎጂ ወይም ኢኮኖሚክስ የሚያጠኑት አር ከተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጋር መተዋወቃቸው አይቀርም። አካባቢው ለዚህ ሶፍትዌር ባዕድ አይደለም። አር የተቀዳው በቤል ላብስ ከተሠራው ኤስ ከተባለ ቋንቋ ሲሆን፣ የኤስን የንግድ ዝርያ፣ ኤስ ፕላስን፣ በ1988 ለገበያ ያቀረበው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዳግላስ ማርቲን ሲያትል ውስጥ ያቋቋመው ኩባንያ ነው። ከሮስ ኢሃካ ጋር ኒውዚላንድ ውስጥ አርን የፈጠረው ሮበርት ጀንትልማንም በኋላ ሲያትል ወደሚገኘው ፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል መጥቶ ሠርቷል። በ2001 የተጀመረው ባዮኮንዳክተር፣ ማለትም ለዘረመል ጥናት የተዘጋጀው ትልቁ የአር ፓኬጆች ስብስብ፣ ለዓመታት የተመራው ከዚሁ ማዕከል ነበር።

አር ብቻውን መሠረታዊውን ስሌት ይሠራል፤ ጉልበቱ ግን ፓኬጆቹ ናቸው። ክራን በሚባለው ማከማቻ ብቻ ከ20,000 በላይ ፓኬጆች በነፃ ይገኛሉ። ተጠቃሚው ኢንስቶል ፓኬጅስ ብሎ አንዲት መስመር ሲጽፍ ከጀርባ ብዙ ሥራ ይከናወናል። አር የማከማቻውን ዝርዝር ያነባል፤ ለራሱ ቨርዥን የሚስማማውን ይመርጣል፤ ፓኬጁ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ፓኬጆች ይቆጥራል፤ ሁሉንም ያወርዳል፤ መጻፍ የሚፈቀድለት ፎልደር ይፈልጋል፤ ዝግጁ ሆኖ ያልመጣውን ከምንጭ ኮዱ ያጠናቅራል፤ በመጨረሻም የተጠናቀረው ፓኬጅ መከፈቱን ይሞክራል። ከእነዚህ አንዱ ከተሰናከለ ፓኬጁ አይጫንም። መፍትሔው ትእዛዙን ደጋግሞ መጻፍ ወይም ያገኙትን ምክር ሁሉ በየተራ መሞከር አይደለም፤ ሥራው የቆመው የትኛው እርከን ላይ እንደሆነ መለየት ነው። ይህን ደግሞ አር ራሱ፣ ጠንቅቆ ላነበበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል።

ችግሩ ሰዎች የሚያነቡት የመጨረሻውን መስመር መሆኑ ነው። ያ መስመር ብዙውን ጊዜ «ኖን ዜሮ ኤግዚት ስታተስ» ይላል፤ ሥራው በሰላም አልተጠናቀቀም ከማለት በቀር ምንም አይነግርም። ምክንያቱ ከሱ በላይ ነው፣ አንዳንዴም ሃያና ሠላሳ መስመር ከፍ ብሎ። ለምሳሌ ታይዲቨርስ የተባለውን የፓኬጆች ስብስብ የሚጭን ሰው ሳያውቀው በርካታ ሌሎች ፓኬጆችንም ይጭናል። ከእነሱ አንዱ አርላንግ ነው። አሮጌው አርላንግ በተከፈተው አር ውስጥ እየሠራ ሳለ አዲሱን በላዩ ላይ ለማስፈር ሲሞከር ዊንዶውስ በሥራ ላይ ያለውን ፋይል አላስነካም ይላል፤ አርላንግ ሲቀር በሱ የሚደገፉት ሁሉ ተከታትለው ሊወድቁ ይችላሉ። ተጠቃሚው የሚያየው የአንድ ገጽ ሙሉ ቀይ ጽሑፍ ነው፤ ጥፋቱ ግን አንድ ነው፣ መድኃኒቱም አርን ዘግቶ እንደገና ከፍቶ፣ ምንም ፓኬጅ ሳይጠሩ፣ አርላንግን አስቀድሞ መጫን ነው። ስለዚህ ንባቡ የሚጀምረው ከላይ፣ «ኤረር» የሚለው ቃል መጀመሪያ ከታየበት ቦታ ነው።

አንዳንዱ መልእክት ግን በእርግጥ ያሳስታል። «ይህ ፓኬጅ ለዚህ የአር ቨርዥን አልተዘጋጀም» የሚለው የሚታወቅ ነው። ያነበበው ሰው አሮጌ አር ይዤ ነው ብሎ ያዘምናል፤ መልእክቱ ግን ተመልሶ ይመጣል። አባባሉ ቢያንስ አራት የተለያዩ ምክንያቶችን በአንድ ይሸፍናል፦ ስሙ በስሕተት ተጽፎ ሊሆን ይችላል (አር ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል፤ ጂጂፕሎት2 በተባለው ፓኬጅ መጨረሻ ላይ ያለችው ቁጥርም የስሙ አካል ናት)፤ ፓኬጁ ከክራን ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ በእርግጥ አዲስ አር የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከመጀመሪያውም ክራን ላይ አልነበረም። የመጨረሻው በዘረመል ተማሪዎች ላይ ይበረታል። ዲኢሴክ2 የተባለው ፓኬጅ የሚገኘው ባዮኮንዳክተር ላይ ስለሆነ በክራን መንገድ መቼም አይመጣም፤ ባዮክማኔጀር የተባለውን ፓኬጅ ከክራን ጭኖ በሱ በኩል መጥራት ይገባል። ባዮኮንዳክተር በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደሳል፤ እያንዳንዱ እትሙም ለተወሰነ የአር ቨርዥን ብቻ ነው። ይህን ጥብቅነት የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። የካንሰር ናሙና የሚተነትን ሰው ፓኬጆቹ አብረው የተፈተኑ መሆናቸውን ማወቅ አለበት።

«ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ይገላግላል» የሚለው ምክር በየላቦራቶሪው ይሰማል። አንዳንዴ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ሲዘጋና ሲከፈት በሥራ ላይ የነበረው ፋይል ስለሚለቀቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የተበላሸውን ቦታ ጭራሽ አይነካውም። ዊንዶውስ ላይ የተጠቃሚው ፓኬጆች የሚቀመጡት አር ራሱ ካለበት ፎልደር ውጭ፣ በግል ላይብረሪ ነው፤ አርን ማጥፋት ይህን ላይብረሪ አያጠፋውም። ሳይጨርስ የተቋረጠ ጭነት ትቶት የሄደው፣ ስሙ በሁለት ዜሮና «ሎክ» በሚል ቃል የሚጀምር ፎልደርም እዚያው ተቀምጦ ቀጣዩን ሙከራ ያግዳል፤ እሱን ብቻ መሰረዝ በቂ ነው። በተቃራኒው ከአር 4.4 ወደ 4.5 የተሸጋገረ ሰው ፓኬጆቼ ጠፉ ብሎ ይደነግጣል። አልጠፉም። ላይብረሪው በየቨርዥኑ የተለየ ስለሆነ አዲሱ አር የሚያየው ባዶ ፎልደር ነው። ሊብ ፓዝስ የሚባለው ትእዛዝ አር የት የት እንደሚፈልግ ስለሚያሳይ፣ ማንኛውንም ነገር ከማጥፋት በፊት እሱን መጠየቅ ይቀድማል።

እኛን በተለይ የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ። ኮምፒውተሩን ሲከፍት ስሙን በግዕዝ ፊደል የጻፈ ሰው የግል ፎልደሩም በዚያው ፊደል ይሰየማል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ከዩኒኮድ ውጭ የራሱ የኮድ ገጽ (የፊደላት ሠንጠረዥ) ኖሮት አያውቅም። አር ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ለረጅም ዘመን የሚሠራው በእነዚያ አሮጌ የኮድ ገጾች ነበር። ስለዚህ የፎልደሩ ስም ወደ ጥያቄ ምልክቶች ይለወጥና አር የሌለ ቦታ ይፈልጋል። በኤፕሪል 2022 የወጣው አር 4.2.0፣ በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ላይ፣ ዩቲኤፍ 8 ወደተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ተሸጋግሮ የችግሩን ሥር ነቀለው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሰው ግን መፍትሔው በላቲን ፊደል የተሰየመ፣ በስሙ ውስጥ ክፍተት የሌለበት ፎልደር በቀጥታ በሲ ድራይቭ ላይ ከፍቶ ላይብረሪው እዚያ እንዲሆን ማድረግ ነው። ስማችንን በፊደላችን በመጻፋችን ጥፋተኛ አልነበርንም፤ ጉድለቱ የሶፍትዌሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ የተባሉትን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች መጠቀም አይሻልም ወይ የሚለው ጥያቄ ቁም ነገር አለው። ሁለቱም በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ያገለገሉ ናቸው፤ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይበቃሉ። ነገር ግን ፈቃዳቸው በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ተማሪው ሲመረቅም የዩኒቨርሲቲው ፈቃድ አብሮት አይወጣም። የአር ፓኬጅ የትም ሄደ የት የራሱ ነው። መልእክቶቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ሌላው ቅሬታ ነው፤ ሸክም መሆኑንም አልክድም። ሆኖም የሚደጋገሙት ዓረፍተ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ፎልደሩ አይጻፍበትም፣ ፋይሉ አልተከፈተም፣ ጊዜው አለፈ፣ አዲስ ቨርዥን ያስፈልጋል የሚሉትን የለየ ሰው አብዛኛውን መንገድ ሄዷል። ሊነክስ ላይ የሚሠራውማ የጎደለውን የሲስተም ላይብረሪ ስም፣ ለኡቡንቱ የሚጫነውን ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ያገኘዋል።

ከዴ ሞይን ይልቅ አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚበረታው ችግር የኢንተርኔት ነው። አር አንድን ፋይል ለማውረድ የሚታገሠው፣ ካልተነገረው በቀር፣ 60 ሴኮንድ ነው። ትልቅ ፓኬጅ በቀጭን መስመር በዚያ ጊዜ አያልቅምና «የወረደው መጠን ከተነገረው አይመሳሰልም» ብሎ ያቋርጣል፤ ሰውየው ፓኬጁ የተበላሸ ይመስለዋል። ታይምአውት የሚለውን ምርጫ ወደ 600 ከፍ ማድረግ በአንድ መስመር ይፈጸማል። ፓኬጁን ከምንጭ ኮድ ላጠናቅረው ወይ ብሎ አር ሲጠይቅም ዊንዶውስ ላይ ያለ ሰው «ኖ» ቢል ይሻለዋል። ጥያቄው የሚመጣው ዝግጁው ቅጂ ከምንጭ ኮዱ በጥቂት ቀን ስለሚዘገይ ነው፤ «የስ» ያለ ሰው አርቱልስ የተባለውን፣ ለራሱ ቨርዥን የተዘጋጀውን፣ ተጨማሪ ትልቅ ሶፍትዌር ማውረድ ይኖርበታል።

መስመሩ ጨርሶ እምቢ ካለ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ዘመድ ፓኬጆቹን አውርዶ በፍላሽ ሊልክ ይችላል፤ አር ከፋይልም ይጭናል። ላኪው መጠንቀቅ ያለበት ለሦስት ነገር ነው። የሚወርደው ከተቀባዩ ኮምፒውተር ዓይነት ጋር የሚሄድ ዝግጁ ቅጂ ይሁን፤ ቨርዥኑ በተቀባዩ አር ልክ ይመረጥ እንጂ በላኪው አይደለም፤ ፓኬጁ የሚደገፍባቸውም ሁሉ አብረው ይሂዱ። የሚደገፍበት ፓኬጅ ከጎደለ ዝግጁው ቅጂ ያለ ቅሬታ ሊጫን ይችላል፤ ተቀባዩ ሲጠራው ግን አይከፈትም፤ የጎደለውም ፓኬጅ ስም በስሕተት መልእክቱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።