የሐይቅ ዳር ባለአደራ

የሐይቅ ዳር እየታረሰ ካለቀ ሐይቁም አይተርፍም። ለምን ቢባል፣ ደንገሉና ቄጠማው ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል ያግዳሉ፤ ብዙ ዓይነት ዓሣም እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው።

ታዲያ ዳሩን ማን ይጠብቀው? እንግሊዞች አንድ መላ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1895 ኦክታቪያ ሂል፣ ሮበርት ሃንተርና ሃርድዊክ ሮንስሊ ናሽናል ትረስት የተባለውን የባለአደራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1902 ማኅበሩ በደርወንት ሐይቅ ዳር ያለውን ብራንደልሃው የተባለ ደናማ ሥፍራ ከሕዝብ በተዋጣ 6,500 ፓውንድ ገዛው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

ዋናው ቁም ነገር ግን መግዛቱ አይደለም። በ1907 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ማኅበሩ «አይሸጥም» ብሎ የወሰነውን መሬት ያለ ፓርላማ ፈቃድ ራሱም ቢሆን ሊሸጠው አይችልም። ባለአደራ ማለት ይኸ ነው።

በኛ አገር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለሆነም የጣናን ዳር ገዝቶ የሚያድን ማኅበር አንጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይሁንና ደንገሉን ከእርሻና ከከብት የሚጠብቀው የዳሩ ነዋሪ ነው። ይኸን ለልጆቹ ማስረዳት ደግሞ የኛ የመምህራን ድርሻ ነው።