«ብርድ እንዳይመታው» ብለን ልጁን እንዳናፍነው

ዛሬ ስለ ሕፃናት አስተኛኘት እናወራለን።

መካነ ሰላም ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከተማዋ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የቦረና ደጋ ናት፤ የሐምሌ ብርዷ አጥንት ድረስ ይገባል። አንድ ንጋት ላይ የሁለት ወር ሕፃን በጋቢ፣ በላዩም በቡልኮ ተጠቅልሎ በአያቱ እቅፍ መጣ። «ልጄ፣ እንቅልፉ አላማረኝም» አሉኝ። ስገልጠው በላብ ርሷል፤ ጡት ቢሰጠው አይነቃም። እናቱም ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል። «ማታ ከሰል ነበር?» ስል አያትየው ደነገጡ። እሳቸው ሌላ ክፍል ነበር ያደሩት። ኦክስጅን ሰጠናቸው፤ ሁለቱም ተረፉ፤ ግን ለጥቂት ነው።

ይሄ የገጠር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት ዘግተን፣ ቡና የተፈላበትን ከሰል አራስ ክፍል የምናስገባ ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ፦

1. በጀርባው ይተኛ። ቀንም ማታም፣ አንድ ዓመት እስኪሞላው። «ትን ይለዋል» የሚባለው ስጋት ከፍቅር የመጣ ነው፤ እውነታው ግን ሌላ ነው። ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ያስመለሰው ወተት በቀላሉ አይገባበትም። በሆዱ ሲተኛ ይገለበጣል። አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ወላጆች ልጆቻቸውን በጀርባ እንዲያስተኙ ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ የሚከሰተው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በአሥር ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

2. ፊቱ አይሸፈን። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድራብ ቢጨምር ይበቃዋል። እጅና እግሩ ቢቀዘቅዝ አትደናገጡ፤ ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ። ካላበው በዝቶበታል ማለት ነው። ያለ ጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ከሆነ ግን ሙቀት ቶሎ ያጣል፤ እናቱ ነቅታ ሳለች ገላ ለገላ ትቀፈው፤ ሐኪሙም ይከታተለው።

3. ከሰል መኝታ ክፍል አይደር። ጭሱ ስላለቀ፣ ፍሙ ስለቀላ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሕፃን ደግሞ ከእኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይመረዛል።

4. ከእናቱ አጠገብ፣ ግን በራሱ ቦታ። ቢያንስ እስከ 6 ወር። አልጋ መግዛት የግድ አይደለም፤ ጠንከር ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ትራስ የሌለው ትንሽ ፍራሽ ይበቃል። ሶፋ ላይ አቅፋችሁት እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ። መጠጥ የቀመሰ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከጎኑ አይተኛ።

5. ስታዝሉትም አፍንጫው ክፍት ይሁን። አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ።

ልጁ አልነቃ ካለ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ አተነፋፈሱ ከተቀየረ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ «እስኪነጋ» ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ከሰል ከነበረ መጀመሪያ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት።

አያትየው ሲሸኙ «እኛ ብርዱን እንጂ ሙቀቱን መቼ ፈርተነው እናውቃለን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልነገራቸውም።

አራስ ላለበት ቤት ሼር አድርጉ። አያት ካሉ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ብዙ ጊዜ ልጁን የሚያስተኙት እሳቸው ናቸው።

መልካም ጤና!