የፋይበር ግላስ ጀልባም እንክብካቤ ይሻል

በጣና ሐይቅ ላይ ለዘመናት ሰውንና ጭነትን ሲያመላልስ የኖረው የደንገል ታንኳ ነው። ደንገል ውሃ ስለሚመጥ ባለታንኳው የዕለት ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ከሐይቁ አውጥቶ በዳርቻው ላይ ያደርቀዋል። ይህን ያላደረገ ሰው ታንኳው ያለጊዜው በስብሶ እንደሚቀርበት ጠንቅቆ ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ አስጋሪዎች ቀረቡ። ዛሬ ደግሞ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት መንገደኞችን ከሚያመላልሱት ጀልባዎች መካከል ከፋይበር ግላስ የተሠሩ ይገኛሉ። ፋይበር ግላስ እንደ ደንገል ቶሎ አይበሰብስም፤ እንደ ብረትም አይዝግም። በዚህም ምክንያት እንክብካቤ የማያሻው የሚመስላቸው ባለጀልባዎች አሉ። ይህ ግን ስሕተት ነው።

ጀልባው የሚሠራው በፖሊስተር ሙጫ ከተነከረ የመስተዋት ክር ነው። በውጭ በኩል የሚታየው ባለቀለምና አንጸባራቂ ሽፋን ጄልኮት ይባላል። ውፍረቱ የግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ለጀልባው እንደ ቆዳ ሆኖ ያገለግላል። ውሃና ፀሐይ ወደ ውስጠኛው ክር እንዳይደርሱ የሚከላከለው እርሱ ነው።

የጄልኮት ዋነኛ ጠላት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ጨረሩ በዝቅተኛ ስፍራ ካለው ይበረታል። ጨረሩ የሽፋኑን ገጽ ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። በመጀመሪያ አንጸባራቂነቱ ይጠፋል፤ ቀጥሎም ገጹ እንደ ጠመኔ ይነጣል። ይህን ለማረጋገጥ ጠቆር ባለ ጨርቅ ጀልባውን ማሸት ይበቃል። በጨርቁ ላይ ዱቄት ከቀረ፣ ያ ዱቄት የጀልባው ቆዳ ነው። በዱቄቱ መካከል ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ዘይትን፣ የዓሣ ደምንና ጭቃን ስለሚይዙ እድፉ በተራ እጥበት አይለቅም።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚቸኩሉት ብርጭቆ ወረቀት ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አንሥቶ ወደ መፋቅ ነው። ሽቦው ገጹን ከመቧጨሩም በላይ በላዩ ላይ የሚቀረው የብረት ብናኝ ዝጎ አዲስ እድፍ ይፈጥራል። ብርጭቆ ወረቀትም ያለአግባብ ከተሠራበት ስሱን ሽፋን ይጨርሰዋል። የተፋቀ ጄልኮት ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ሥራው ምንጊዜም ከቀላሉ ተጀምሮ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት።

በመጀመሪያ ጀልባውን ከሐይቁ አውጥቶ ጥላ ባለበት ቦታ ማቆም፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ውሃም ደኅና አድርጎ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። እጥበቱ ሰው ውሃ ከሚቀዳበት ዳርቻ መራቅ ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ የቀረው እድፍ በየዓይነቱ ይታያል። የሞተር ዘይት ጥቂት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ይነሣና ቦታው ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። የደረቀ የዓሣ ደም በውሃ በለወሱት ቤኪንግ ሶዳ ቀስ ተብሎ ይታሻል። ቀለል ያለ ዝገትና ውሃ ትቶት የሚሄደው ነጭ ቅርፊት በሎሚ ጭማቂ ይለቃል። ለጠና ዝገትና በውሃው መስመር ላይ ለሚቀረው ቡናማ እድፍ ኦክሳሊክ አሲድ ያገለግላል። ይህ አሲድ መርዝ ስለሆነ የጎማ ጓንት ማጥለቅና ዓይንን መከለል፣ በመያዣው ላይ የተጻፈውን መጠን መጠበቅ፣ ከልጆችም ማራቅ ግዴታ ነው። ሻጋታን በቀጠነ በረኪና ማጽዳት ይቻላል። ነገር ግን በረኪና ከአሲድ፣ ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ከተገናኘ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ስለሆነም ሁለቱን በአንድነት መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ማናቸውንም ነገር አስቀድሞ በማይታይ ጠርዝ ላይ መሞከርም ብልህነት ነው።

እድፉ ከለቀቀ በኋላ የነጣውን ገጽ ለመመለስ በጋራዥ ለመኪና ቀለም የሚጠቀሙበትን ኮምፓውንድ በጨርቅ እየቀቡ፣ በትንሽ በትንሽ ቦታ ከፋፍሎ ማሸት ነው። የመጀመሪያው ቀለም ብቅ ሲል ማቆም ይገባል። ኮምፓውንድ ያልበገረው ጥቂት ቦታ ካለ ብቻ፣ ቁጥሩ 1,000 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ገጹን እያረጠቡ በቀስታ ማለስለስና እንደገና በኮምፓውንድ ማሸት ይቻላል።

ሆኖም ጀልባው አበራ ብሎ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የታሸው ገጽ ገና ያልተሸፈነ ስለሆነ ፀሐይ መልሳ ታነጣዋለች። በመጨረሻ የጀልባ ወይም የመኪና ሰም መቀባት፣ ሲደርቅም በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል። ሰሙ ፀሐይንና እድፍን በእርሱ ላይ ያስቀራል፤ ሰም ሲያልቅ ይተካል፣ ጄልኮት ግን አይተካም። ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ በግንቦትና ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምት ማድረግ፣ በቀረው ጊዜም ጀልባውን በሸራ መሸፈን ይበጃል።

የክሩ ድርና ማግ በገጹ ላይ መታየት ከጀመረ ግን ሽፋኑ አልቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ማሸት ጉዳቱን ከማባባስ በቀር አይጠቅምም፤ በባለሙያ አዲስ ጄልኮት ወይም የጀልባ ቀለም ማስቀባት ግድ ይሆናል። ስንጥቅና ጥልቅ ጭረትም ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ሳይውል ሳያድር መደፈን አለበት።

ጀልባ ለዓሣ አስጋሪውም ሆነ ለአመላላሹ የቤተሰብ እንጀራ ነው። የደንገል ታንኳ ባለቤት ታንኳውን በየዕለቱ የሚያደርቀው ዕድሜውን ለማርዘም ነው። የፋይበር ግላስ ጀልባ የሚጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ በዓመት የጥቂት ቀናት ሥራ፣ ጥቂት ሳሙናና ጥቂት ሰም።